የማያልቀው ሳሙና
ልብስ በማጥብበት የአረጋውያን መጦሪያ «እትዬ ሳሙና» የምንላት አስታማሚ አለች። ሐኪምም ይሁን ጠያቂ፣ እጁን ሳይታጠብ አልጋ የነካ ሰው ከምላሷ አያመልጥም። እኔን እንኳ፣ «ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነኝ እኮ» ስላት፣ «ውሃው የስንቱን ጉድ እንደያዘ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። ነገረኛ ናት፤ ግን ማንም አይጠላትም።

ኩራቷ መታጠቢያው ላይ የምታስቀምጠው የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ነበር። ጎደል ሲል ከጀሪካኑ ትሞላበታለች፤ ሲወፍርባት ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርጋለች። «በእኔ ተራ ሳሙና አልቆ አያውቅም» ትላለች። ጠርሙሱን ግን አጥባው አታውቅም። የሳሙና ዕቃ ደግሞ ይታጠባል እንዴ? ማናችንም አላሰብነውም።

እናቷ ዳሌያቸው ሲሰበር ለምና እኛው ጋ አስተኛቻቸው። ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ቆሰለ። ቁስሉን ለሌላ አታስነካም፤ እስከ ክርኗ ፈትጋ ታጥባ ራሷ ትጠርገዋለች። ቁስሉ ግን ይብሱን መገለ፤ መድኃኒት ቢቀየርም አልበገር አለ። ሐኪሙ ከቁስሉም ከክፍሉ ዕቃዎችም ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ላከ።

ውጤቱ ሲመጣ አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻል ነበር።

«ቁስሉ ላይ ያለው ተህዋስ ሳሙናው ውስጥም ተገኘ» አላት። «ጠርሙሱ ሳይታጠብ ሲሞላበት፣ ውሃም ሲጨመርበት፣ እዚያው ይራባል።»

«ታጥቤ እኮ ነው የምነካት!»

«አውቃለሁ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ለእሷ ግን ይህን ተረት ማን ደፍሮ ይተርትባት? እኔ በበኩሌ በእግዜር ተናደድኩ። ዝርክርኩ ሁሉ በሰላም እየኖረ፣ ለንጽሕና የምትሞት ሴት ላይ ይኼ ይውረድ?

ጠርሙሱ ተጣለ። አሁን አንዱ ሲያልቅ አዲስ ይከፈታል እንጂ አይሞላበትም። ለእናቷ ግን ረፍዶ ነበር፤ ተህዋሱ ደማቸው ውስጥ ገብቷል።

በመጨረሻው ቀን አንሶላ ልቀይር ስገባ፣ እናትየው ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ» አሉ።

እትዬ ሳሙና አልጋው አጠገብ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች።

«ታጥቤ ልምጣ፣ እማዬ» ብላ ወጣች።

ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። የተዘረጋ እጅ ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት አልቻልኩምና የራሴን ሰጠኋቸው። አጥብቀው ያዙት።

«ይቺን እጅ ይባርክልኝ» አሉ፣ የልጃቸው መስሏቸው።

አልነገርኳቸውም። እጄን እንደ ያዙ ሲያርፉ፣ ቧንቧው ገና አልተዘጋም ነበር።