ወንድሜ ሰማንያ ኪሎ ሲገባ

ታላቅ ወንድሜ ፖስተኛ ነው። መሥሪያ ቤት «ኩንታል» ይሉታል። መቶ ሰባት ኪሎ ይመዝን ስለነበር፣ «ስም አውጪዎችህ ሰባት ኪሎ ሰርቀውሃል» እያልኩ እቀልድበት ነበር። በዚያ ሰውነቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳገቱን በብስክሌት ወጥቷል። አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አልገፋም።

የልብስ ስፌት ቤቴ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሰንሰለቱ ድምፅ በፊት የወንድሜ ትንፋሽ ይደርሰኛል፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ትንፋሽ። ቀጫጭን ወጣቶች በውድ ብስክሌት ሽው ብለው ቢያልፉት ግድ አልነበረውም። እኔ በር ላይ ቆመው ቁና ቁና ሲተነፍሱ ያገኛቸዋል። «አይዟችሁ» ብሏቸው ያልፋል።

በዚህ መሃል አዲስ አለቃ መጣ። ሸንቃጣ ነው፤ እሑድ እሑድ ብስክሌት ይነዳል። አንድ ኪሎ በተጨመረ ቁጥር ዳገት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈና ፖስተኞቹን በጥቅል መመዘኛው ላይ አንድ በአንድ አወጣቸው። ሰውን ከጥቅል እኩል! ወንድሜን፣ «ከሰማንያ ኪሎ በላይ የሆነ ዳገት አይመደብም፤ ሦስት ወር ሰጥቼሃለሁ» አለው። ካልቀነሰ ከጓሮው ክፍል ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ ሊውል ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ይል ነበር። ወንድሜ ግን ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ዳገቱ ነው። እዚያ ላይ ሰዎች በር ከፍተው ይጠብቁታል፣ ሕመማቸውን ይነግሩታል፣ ቢቀር ይጨነቁለታል።

«ከዳገቱ ካወረዱኝ እኔ ማን ነኝ፣ እታለም?» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ምግቡን የምመጥንለት እኔ ሆንኩ። በመጀመሪያው ወር ሱሪውን አጠበብኩ፣ በሁለተኛው ደግሞ እንደገና። ጎረቤቴ ብስክሌት ጠጋኙ አንድ ቀን ሲያየው ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ የጭኑ ሥጋም አብሮ እየሄደ ነው። ዳገት በጭንና በሳንባ ነው የሚወጣው እንጂ በሚዛን አይደለም» አለኝ።

«አንተ ጎማህን ጠግን» ብዬ አፉን አስያዝኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትንፋሹ ሁለት የሆነው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት አጭር፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ፤ ወንድሜ ነው። በር ላይ ደርሶ አለፈ። አሥር እርምጃ ያህል ከኋላው ደግሞ ያ የድሮው መጣ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ። በመስኮት አንገቴን አወጣሁ። መንገዱ ላይ ፀሐይ እንጂ ሰው የለም። ትንፋሹ ግን ከነሰንሰለቱ ድምፅ ፊቴ ላይ አለፈ። ፀጉሬ ቆመ።

ጆሮዬ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ በመካከላቸው አምስት እርምጃ ቀረ። በሳምንቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ፈርቼ ወንድሜን አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን ግን የሱሪውን ወገብ በስፒል ስይዝለት ራሱ ጀመረው።

«ከኋላዬ የሚመጣው አይደክመውም» አለ።

«ማን ነው እሱ፣ ጋሼ?»

 መስኮቱን እያየ፣ «ዳገቱ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?» አለ ለራሱ።

የምዘናው ቀን ሰባ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አለቃው እጁን ጨብጦ «ዳገቱ ያንተ ነው» አለው። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከብስክሌቱ ወረደ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አለፈኝ» አለ።

«ማን ነው ያለፈህ?»

«‹አይዞህ› ብሎኝ አለፈኝ።»

ሱቄን ቆለፍኩና ብስክሌቱን አብረን እየገፋን ወጣን። ለወትሮው ተከፍተው የሚጠብቁት በሮች ሁሉ ተዘግተዋል፣ ልክ ደብዳቤው ታድሎ እንዳለቀ። ቦርሳው ግን እንደሞላ ነው። አፈሩ ላይ ሰፊ የጎማ ዱካ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከባድ ነገር እንደጫነ ጠልቆ ገብቷል። ዞር ብዬ የእኛን ፈለግሁ። የእኛ ጎማ ምልክት እንኳ አልተወም።

የመጨረሻው ቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። ወንድሜ ደብዳቤያቸውን ይዞ በሩን አንኳኳ። በመርፌ ክር ያለ መነጽር የሚያስገቡ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ጤነኛ ነው።

«ፖስተኛችን አሁን ወጣ እኮ» አሉ። «ለዛሬ ምንም የለዎትም ብሎኝ፣ ውሃውን ጠጥቶ ሄደ።» ከደፉ ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ ገና እርጥብ ነበር።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ ወንድሜ።

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የጠበበውን ሱሪ፣ የከሳውን ፊት ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ፊታቸው በኀዘኔታ ለሰለሰ።

«አሃ፣ የሚተካው አንተ ነህ?» አሉት። «እባክህ ልጄ፣ ይህን ዳገት አትቀማው። ከዚህ ሌላ ምንም የለውም።»

 ወንድሜ ደብዳቤውን በሁለት እጁ አቀበላቸው።

«እሺ እማማ» አላቸው፣ «አልቀማውም።»