አክስቴ «ተመስገን» ያሉ ቀን

ዝናብ በመጣ ቁጥር ለአክስቴ እደውላለሁ። የምኖረው በሰው አገር፣ ዩለስ በምትባል ከተማ ነው፤ ባሕሩ ከዚህ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይርቃል። በእናቴ ቦታ ሆነው ያሳደጉኝ አክስቴ ግን እዚያው ባሕሩ ዳር፣ ባለቤታቸው ትተውላቸው ባለፉት ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።

አምና የከተማቸው ሹሞች ባሕሩ ከፍ እያለ መጣ ብለው ግንብ ሊሠሩ አሰቡ። የትኛው ሰፈር ይከለል የሚለውን ለመወሰን ነዋሪውን በስልክ ይጠይቁ ነበር። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ከኤርፖርት ሥራዬ ብሬክ ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ሳንድዊቼን እየገመጥኩ ከአንዷ ሹም ጋር አገናኘኋቸው።

«ቤትዎ ውሃ ይገባል ወይ ነው የምትለው» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ምን እንሆናለን ብለህ ነው!»

ውሃ ያበሰበሰውን ምንጣፋቸውን ሁለቴ አውጥተው እንደጣሉ አውቃለሁ። የእኛ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ሹም ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ጉዳቱን አይዘረግፍም፤ ሦስቴ መጠየቅ አለበት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ብሬኬ ሊያልቅ ስለሆነ «ችግር የለባቸውም» ብዬ ተረጎምኩ። ሹሟ አመስግና ዘጋች። የእኔ ነገር!

ካርታው ሲወጣ፣ ግንቡ ጀልባ ያላቸውን ሀብታሞች ሰፈር ዞሮ ከአክስቴ መንገድ አንድ መንገድ ቀደም ብሎ ቆሟል። እነዚያ ጠበቃ ይዘው በየስብሰባው ጮኸዋል። ለሹሞቹ ደውዬ ስጠይቅ «ከእሳቸው መንገድ አቤቱታ አልደረሰንም» አሉኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ የእሳቸውን ጩኸት የዋጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ግን ግንብ የሚሠራው ለጮኸ ነው ወይስ ውሃ ለሚገባበት? ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ፍርሃቱ ባሰብኝ።

አቤቱታ አስገባሁ። በሚቀጥለው ዙር ይታያል ተባልኩ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በእሳቸው በኩል ማዕበል መነሣቱን ሰማሁ። የሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ደወልኩ።

«እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን።»

«ውሃው ገባ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እትዬ፣ ፕሊስ፣ ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ። አሁን የት ነዎት?»

ቀስ ብለው፣ እንዳፈረ ሰው፣

«አልጋው ላይ ወጥቻለሁ» አሉኝ።