ዳስቲን ያታለለው ፉጨት

ጎረቤቴ ናሬል በተራ ቀን ብዙ ወጪ የለባትም፤ ለአሮጌዋ ፒካፕ ነዳጅ፣ ለራሷ ዳቦና ሻይ፣ ለውሻዋ ለዳስቲ አጥንት። ሰሞኑን ግን የጆሮ ጠብታ ተጨመረባት።

ዳስቲ ጥጃ ያክላል። እዚህ ኩዊንስላንድ በበጋ የሣር ፍሬ የውሻ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ የእሱንም አቆሰለው። ሐኪሙ ፍሬውን አውጥቶ ጠብታ አዘዘ። ዳስቲ ግን ጠርሙሱን ሲያይ በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤቷ ወለል ሥር ይሸጎጣል።

ናሬል ዘዴ ፈጠረች። ከብቶቿን ለመጠበቅ ሲሄዱ እሱን የምትጠራበትን ፉጨት አፏጨች። በደስታ ዘሎ ፒካፑ ላይ ሲወጣ እኔ አንገቱን አቀፍኩት፣ እሷ አንጠባጠበችለት።

"ኧረ አታፍሪም!" አልኳት እየሳቅኩ።

"ዝም ብለሽ ያዢው፣ የኔ ልጅ! ሟቹ ባሌ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም!"

በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። ዳስቲም ሲጠራ ይመጣ ነበር፤ ግን እያደር ጭራውን ቆልፎ፣ እየተጎተተ። በመጨረሻ ጆሮው ዳነ። ናሬል ለሥራ ስታፏጭለት ግን ከቤቱ ሥር አልወጣም።

"ከቡችላነቱ ጀምሮ በዚያ ፉጨት ዋሽቼው አላውቅም ነበር" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቋሊማ ይዛ ፒካፑ ላይ ትቀመጥና ታፏጫለች። ትናንት ወጥቶ የፊት እግሮቹን ብቻ ፒካፑ ላይ ሰቀለ። እኔ ተስፋ አለኝ፤ እሷ ግን ራሷን ይቅር አላለችም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት እንዲህ በይልኝ አለች፦ "ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ መድኃኒቱን የተኛበት ድረስ ሄዳችሁ ስጡት። የሚወደውን ጥሪ ግን እባካችሁ አታበላሹበት።"