ከስክሪኑ የወረደው በተን

ባሌ የሞባይል መተግበሪያ ሠሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስክሪን ላይ ካፈጠጠ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። መሥሪያ ቤቱ በስልክ የሚከፈት የበር መቆለፊያ ይሸጣል። ሠራተኞቹ ደግሞ መጀመሪያ በገዛ በራቸው እንዲሞክሩት ግድ ነው፤ የእኛም በር ከውስጥም ከውጭም ያለ ስልክ የማይከፈት ሆነ። «እኛ የሙከራ አይጥ ነን እንዴ?» ብዬ ጮኼ ነበር። ማን ሰምቶኝ!

ሰኞ ዕለት አለቃው የመተግበሪያው ስክሪን ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ይግባ አለ። ባሌ «መውጫ» የሚለውን፣ ሲነኩት በሩን የሚከፍተውን በተን ከማስታወቂያው ሥር አዛወረው። በእሱ ስልክ ሞከረው፣ በእኔም ሞከረው፤ ሠራ። አብረውን የሚኖሩትን የእናቱን ስልክ ረሳው። ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉን ያተለቀላቸው እሱ ራሱ ነው። ፊደሉ ሲተልቅ ቦታውን ሁሉ ያዘውና በተኑን ከስክሪኑ በታች ገፍቶ አስቀረው፤ ገጹ ደግሞ በጣት ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም።

እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። አማቴ በየቀኑ ታመው የተኙ እህታቸውን ሊጠይቁ ይሄዱ ነበር። በዚያ ሳምንት «እህትዎ እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «ደህና ናት» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ሞኟ አመንኩ። ዓርብ ማታ እህትየው ደወሉልኝ፦ «ምን በድያት ነው? ድምጿም እግሯም ጠፋብኝ እኮ!»

የአማቴን ስልክ ተቀብዬ ከፈትኩት። መውጫ የሚል ነገር የለም። ደሜ ፈላ።

«ና እዚህ! እናትህን ቆልፈህባቸው ነው የምትውለው?»

አየና ክው አለ። «ወይኔ! በተኑ ወርዶ ነው... እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

አማቴ የሻርፓቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ «ባለፈው መንገድ ጠፍቶኝ ሰው ይዞኝ ሲመጣ ተቆጥተህ የለ?» አሉት። «አውቆ ነው የዘጋብኝ አልኩ። ለእኔው አስቦ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ልጄ።»

ባሌ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ፊደሉን አሳነሰው፤ በተኑ ብቅ አለ። እናቱ እንዲህ ያነሰ ፊደል ማንበብ ስለማይችሉ የሚነኩትን ቦታ በጣታቸው አስያዛቸው። በሩ ተከፈተ።

«ይኸው እማዬ፣ ነገ በጠዋት ሂጂ።»

አማቴ በሩን አላዩትም። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና፣ «እስከ ስንት ሰዓት ልቆይ?» አሉት።