ሐ ሳጥን ውስጥ የገባው ሠ

ልጅ እያለሁ እጄ ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ፋኖስ» የሚል ቅጽል ስም አውጥታልኝ ነበር፤ እኔ ግን አልከፋኝም፣ እንዲያውም እኮራበት ነበር። እናቴ ወልድያ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ስገባ የጠዋት ፈረቃ ደረሰኝና ከሰዓቱን ሁሉ ከሰፈር ልጆች ጋር ሱዚ ስዘል መዋል ጀመርኩ። ይሄ ለእናቴ አልተዋጠላትም። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቷ ፎርም ወደሚታተምበት ትንሽ ማተሚያ ቤት እጄን ይዛ ወሰደችኝና «ሙያ ትልመድ» ብላ አስረክባኝ ሄደች።

ማተሚያ ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ከሟች ባላቸው የወረሱት ነው። በሩ ገና ሲከፈት የቀለም፣ የጋዝና የወረቀት ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበላል፤ ዛሬም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ሽው ሲልብኝ ቆም እላለሁ። መሀል ላይ በእግር የሚረገጠው ጥቁር ማተሚያ ተገትሯል። ግድግዳውን ተከትለው ደግሞ የፊደል ሳጥኖቹ ተደርድረዋል። በእኛ ፊደል ማተም ቀልድ አይደለም። ሀ ብቻዋን አትመጣም፤ ሁን፣ ሂን፣ ሃን አስከትላ ነው፤ ለእያንዳንዷ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ የራሷ ትንሽ ቤት ያስፈልጋታል። ከእነዚያ ቤቶች የጥፍር ታህል የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እያነሳ በግራ እጁ በያዘው ብረት ላይ ቃል የሚሠራው ሰው ፊደል ለቃሚ ይባላል። የእኛ ፊደል ለቃሚ ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ በመርሳ በኩል የምትገኘው የግራና ከተማ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እዚያው ግራና፣ እሳቸው ደግሞ ትንሿ ልጃቸውን ዘሃራን ሊያስተምሩ ወልድያ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ዘሃራ ከእኔ አንድ ክፍል ትበልጣለች። ጋሽ ሰይድ ሥራ ሲይዙ መንዙማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ወይም ጣሪያው ላይ ነው፣ ቀኝ እጃቸው ግን ከቤት ቤት እየዘለለች ፊደሉን ትለቅማለች። ሳጥኑን አያዩትም። አንድም ቀን እጃቸው ስትስት አይቼ አላውቅም። ይህን ሳይ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር፤ ሳድግ እንደ ጋሽ ሰይድ ሳላይ የምሠራ ሰው መሆን ነበር ምኞቴ።

ሲያስተምሩኝ ትዕግሥታቸው አያልቅም። ፊደሉ በብረቱ ላይ ተገልብጦ ስለሚቆም ዓይን እንደሚያታልል የነገሩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ንጉሡ ሠ ሲገለበጥ ሐመሩ ሐን ይመስላል፤ ሐመሩ ሐም ሲገለበጥ ንጉሡ ሠን። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ፊደል ጎን ላይ አንዲት ጭረት የተደረገችው። «ጭረቷን በጣትሽ ፈልጊያት የኔ ልጅ። ዓይን ይቸኩላል፤ ጣት ግን አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። እውነትም ጭረቷን ወደራስ አድርጎ ለያዘ ሰው ሁለቱ ፊደሎች አይምታቱም።

ሌላው ሥራዬ ማንበብ ነበር። ደንበኛው ጽፎ ያመጣውን እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይለቅማሉ። ለእርማት የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ወረቀትም የማነበው እኔ ነበርኩ። «ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ለካ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እትዬ ዘነበች ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት «ጋሽ ሰይድ፣ ማየት ያቃተዎ ዕለት እንዳይደብቁኝ፣ ይህ ሥራ ያለ ዓይን አይሆንም» አሏቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው «አልሐምዱሊላህ፣ ገና መርፌ አስገባለሁ» አሉ። እኔም ከልቤ አመንኳቸው።

ጥፋቱን የሠራሁት በጥር ወር ነው። አንድ ሥራ ታትሞ ሲያልቅ ፊደሎቹ በጋዝ ይታጠቡና እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ያን ቀን የተመለሰው የአንድ የሠራተኞች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነበር፤ በየመስመሩ «ሠራተኛ፣ ሠራተኛ» የሚል፣ ንጉሡ ሠ የሞላበት። ጋሽ ሰይድ ለሰላት ወጥተዋል። እኔ እንደ እሳቸው ልሁን አልኩ። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰቅዬ፣ መንዙማ ስለማልችል የሰማሁትን ዘፈን እያንጎራጎርኩ፣ ፊደሎቹን ከእጄ ወደ ሳጥኑ ማዝነብ ጀመርኩ። አልፎ አልፎ ጎንበስ ብዬ በጨረፍታ አያለሁ፤ ጭረቷን ግን አልፈለግኋትም። ለካ ፊደሎቹን የያዝኳቸው ገልብጬ ኖሯል። እፍኝ ሙሉ ሠ ወስጄ ሐ ቤት ውስጥ አስገባሁ። ሥራው ቶሎ ሲያልቅልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም።

በሁለተኛው ቀን የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣ። አሳታሚው አቶ ሐሰን የሚባሉ የመርሳ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ሐያትን ሊድሩ ነው። እኔ አነበብኩ፣ ጋሽ ሰይድ ለቀሙ። እጃቸው እንደ ወትሮው ትክክለኛው ቤት ውስጥ ገባች፣ ትክክለኛው ቤት ውስጥ ግን ከላይ የተኛው የእኔ ሠ ነበር። ጭረቷን ዳሰሷት፣ ፊደሉን ቀጥ አድርገው አቆሙት። ከዚያ የእርማቷ ወረቀት ወጣች። ጥምቀት ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሹሩባ የምትሠራኝ ሴትዮ ደግሞ ከመሸ አልሠራም ብላኛለች። እርማቷን በአንድ እጄ፣ የአቶ ሐሰንን ጽሑፍ በሌላው ያዝኩና ያነበብኩት ከአቶ ሐሰን ጽሑፍ ላይ ነው፤ እሱ ይቀላል፣ በቃሌም ይዤዋለሁ። «ልክ ነው?» አሉኝ። «ልክ ነው ጋሽ ሰይድ» አልኩና ወደ ሹሩባዬ ሮጥኩ። ማተሚያውን የሚረግጡት እትዬ ዘነበች ራሳቸው ናቸው፤ መኪናው ጣት ስለሚበላ ዓይናቸውን ከጣታቸው ላይ አያነሱም። ካርዱ እንዳለ ታትሞ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ከጥምቀት በኋላ አቶ ሐሰን ከመርሳ በሚኒባስ መጡ። ጥቅሉን ፈቱና አንዷን ካርድ መዘው አነበቧት፤ እንደገና አነበቧት። ሰውየው ቁጡ አልነበሩም። «እትዬ ዘነበች፣ ለልጄ ስም ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ሠያት ሠሰን የምትሏት ደግሞ የማን ልጅ ናት?» እትዬ ዘነበች ካርዷን ነጥቀው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ግን ሳጥኑን ሳላየው፣ ምን እንዳደረግሁ በዚያች ቅጽበት ገብቶኛል።

እትዬ ዘነበች ካርዷን ለጋሽ ሰይድ ሰጧቸው። «እስቲ ያንብቧት» አሏቸው። ጋሽ ሰይድ ካርዷን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ጥርት ባለ ድምፅ «ልጃችን ሐያት ሐሰን» ብለው ጀመሩና፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ፣ መሆን እንደነበረበት አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሲጨርሱ ቀና ብለው «ምን ስሕተት አለው?» አሉ። አቶ ሐሰን እንኳ ንዴታቸውን ረስተው አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ሰይድ ከዝምታው ብዛት የሆነውን ነገር ተረዱ፤ ካርዷን ለእትዬ ዘነበች መለሱላቸው።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ፊደሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እርማቱንም ያላነበብኩት እኔ ነኝ» ማለት ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። አፌ ግን አልተከፈተም። እናቴን ፈራሁ፣ እትዬ ዘነበችን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ጋሽ ሰይድ እንዲያፍሩብኝ አልፈለግሁም። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረውም አላዩ። «ያ አላህ፣ እጄ ከዳኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። እትዬ ዘነበች እያለቀሱ ነበር ያሰናበቷቸው፤ ክፉ ሴት አልነበሩም። ጋሽ ሰይድ ሲወጡ በሩ ላይ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና «አብሽሪ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። ያለቀስኩት ለእሳቸው መስሏቸዋል። በነጋታው ማንም ሳያየኝ የሠ ፊደሎቹን ከሐ ቤት ለቅሜ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ይኸን ማድረጌ እስካሁን ከጥፋቱ በላይ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ሰይድ ወደ ግራና ተመለሱ። ዘሃራ ብቻዋን ወልድያ መቀመጥ ስለማትችል አብራ ሄደች፤ ትምህርቷም እዚያው ላይ ቆመ። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ስንይዝ በክፍሏ ሰልፍ ውስጥ የእሷ ቦታ ባዶ መሆኑን አያለሁ፤ ከዚያም ላለማየት ለመድኩ። እኔ ተማርኩ፣ ደሴ ሄጄ ኮሌጅ ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ። ወደ ደሴ በተመላለስኩ ቁጥር አውቶቡሱ መርሳ ላይ ሲደርስ ወደ ግራና የሚወስደውን መንገድ ላለማየት ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞር ነበር።

አሁን ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ደብዳቤና ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። ማተሚያ ቤቱ ፈርሶ ሞባይል የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል። ስሳሳት በአንድ ጣት አጠፋዋለሁ፤ መሳሳቴን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የሰው ስም ስጽፍ ግን ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል።

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ደሴ ስንወርድ ሾፌሩ መርሳ ላይ ማንጎ ሊገዛ ቆመ። ፍሬ የምትሸጠው ሴትዮ ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ የአባባ አንባቢ አይደለሽም?» አለችኝ። ዘሃራ ናት። አቅፋ ሳመችኝ፤ የአባቷን ማረፍ ነገረችኝ። ግራና ከተመለሱ በኋላ ዓይናቸውን አሳክመው በደንብ ማየት ጀምረው ነበር አለችኝ። ሰው ወደ ሥራህ ተመለስ ሲላቸው ግን እንቢ አሉ። «ዓይኔስ ዳነ፣ የከዳኝ እጄ ነው ይል ነበር» አለች። «እስኪሞት ድረስ እጁን አላመነውም። በር እንኳ ሲቆልፍ እኔን ጠርቶ እዪልኝ ይለኝ ነበር።»

እዚያው ማንጎው ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። የሠ ፊደሎቹን፣ ሹሩባውን፣ በነጋታው ተደብቄ ማስተካከሌን። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ዘሃራ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ የያዘችውን ማንጎ ክምሩ ላይ መለሰችው።

«ልጅ ነበርኩ» አልኳት።

«ያኔስ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «ከዚያ በኋላስ?»