የግማሽ ዋጋ ካርድ

ነቀምት መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የነበረው አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በሰው ፊት አዋረደኝ። ብድሬን የመለስኩት ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን ነው። ብዙ የተበደልኩትን ረስቻለሁ። ይህንን ግን አልረሳሁም፤ ለመርሳትም አልሞከርኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። እስከዚያው ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ ቆርቆሮ ከተዘረጋበት ቦታ ቁጭ ብዬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባለጉዳዩ ነገሩን በኦሮምኛ ይነግረኛል፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊ የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር የተምታታ ቃል ባለጉዳዩን ሦስት ወር እንደሚያመላልሰው ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ በዚያ ክረምት አንድ ዕቃ አመጣ። ከሶቪየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ ሰው የሸጠለት ነው። መዳፍ የምታህል፣ መስታወት ያላት፣ በአራት ቁልፍ የምትሠራ ጨዋታ ነች፤ ጌም ይሏታል። መስታወቷ ውስጥ ቅርጫት የያዘ ትንሽ ሰውዬ ቆሟል። ከአራቱ ማዕዘን ክብ ክብ ነገር ይወርዳል፤ ሰውዬው ይቀልባል። እንቁላል ነው የሚሉ ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን ብርቱካን ነው ብሎ ተስማማ። ሦስት ብርቱካን መሬት ከነካ ሰውዬው ሞተ ይባላል፤ ተራው ያልፋል። አንዱ ሲጫወት አሥር ሰው ትከሻው ላይ ተንጠላጥሎ ያያል። ከኋላ የቆመው ስለማይታየው «ዱኤ?» ይላል፤ ሞተ ወይ ማለቱ ነው። ከፊት ያለው «ሂን ዱኔ» ይለዋል፤ አልሞተም።

ለአንድ ተራ አሥራ አምስት ሳንቲም ይከፈል ነበር። ዝናብ ሲበዛና ሰው ሲቀንስ ሬዲዮ ጠጋኙ አንድ ዘዴ አሰበ። አራት ብር አስቀድሞ የከፈለ ሰው ወሩን ሙሉ የሚጫወትበት ካርድ ሊሸጥ ፈለገ። ካርዱን እንድጽፍለት ጠራኝ።

«ሃያ ካርድ ጻፍልኝ» አለኝ። «ላንተ አንዱን በሁለት ብር እሰጥሃለሁ። የቀረውን ሁለት ብር በእጅህ ጽሑፍ ከፈልክ ማለት ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

«ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ይጫወታል በል። ሰው እንዲገዛ ሰፋ አድርገው።»

«ተራው የሚያልፈው ሲሞት ልበል ወይስ ሲሸነፍ?»

«ሲሞት በል። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የዚህ ካርድ ባለቤት ለአንድ ወር፣ ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጫወታል፤ ተራው የሚያልፈው ሲሞት ብቻ ነው። ሃያውንም አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። እሱ ደግሞ የሱቁን ማህተም ከመሳቢያ አወጣና እያንዳንዷ ላይ መታባት። «ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ከሰውየው ይልቅ ማህተሙ ይታመን ነበር።

ለእኔ ሁለት ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቢሆንም በየቀኑ ከማወጣው ሳንቲም ጋር ሳስተያየው ትልቅ ቁጠባ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ገዛሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ገበያተኛው ዝናብ ሸሽቶ ሱቁን ሞልቶታል። ከአኖ በአውቶቡስ የመጡ፣ ከጉቶ ጊዳ በእግራቸው የገቡ፣ ሬዲዮ ሊያሠሩ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ተራዬ ደርሶ ተቀመጥኩ። ገና ሃያ ብርቱካን እንኳ ሳልቀልብ ሬዲዮ ጠጋኙ ከኋላ መጥቶ ጌሟን ከእጄ ላይ አነሳት።

«ገንዘብ የያዘ ሰው ቆሟል» አለ።

«ጋሼ፣ አልሞትኩም እኮ። ካርድ አለኝ።»

ወደ ሰዉ ዞረ። «ይህ ልጅ ካርዱን በግማሽ ዋጋ ነው የገዛው። ግማሽ የከፈለ ግማሽ ይጫወታል። ተነስ፣ ግማሽ።»

ሱቁ ሙሉ ሳቀ። ሃያውን ካርድ ማን እንደጻፈለት አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ሳቅ መሃል የሚነገር እውነት ሰበብ ይመስላል። ተነሳሁ። ስወጣ አንዱ የአኖ ሰው በሩን ለቀቀልኝና «ግማሽ ይለፍ» አለ። እንደገና ተሳቀ።

ስሙ ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ወደ ቤት ስሄድ የማላውቃቸው ልጆች «ግማሽ» ብለው ጠሩኝ። ይህን መቻል ይቻላል። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ከጉቶ ጊዳ የመጣ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ ሊያጽፍ ከአጥሩ ሥር መጣ። «አካም ቡልቴ» ተባባልን፤ ነገሩን ጀመረልኝ። አጠገቤ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ፊቱን ወደ ሽማግሌው መልሶ፣ «ኦቦ፣ ግማሽ የሚባለው እሱ መሆኑን ያውቃሉ?» አለው።

ሽማግሌው አየኝ። «ማመልከቻውንም ግማሽ ነው የምትጽፈው?»

«ሙሉውን ነው አባቴ።»

«ታዲያ ለምን ግማሽ አሉህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሽማግሌው ብድግ ብሎ ወደዚያኛው ዞረ። በዚያ ሳምንት ሌሎች ሁለትም እንዲሁ ሄዱ። ውጤቱ እስኪመጣ የምኖረው በዚያች ቦታ በማገኘው ነው። ስሙ ካልጠፋ ቦታዋ ትጠፋለች። ስሙን ሊያጠፋው የሚችል ደግሞ ያወጣው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም በሰው ፊት፣ በቅዳሜ፣ በዚያው ሱቅ። ካርዱ የሚያበቃው ወሩ ሲያልቅ ስለሆነ አራት ቅዳሜ ቀርቶኛል።

ሬዲዮ ጠጋኙ ሌሎቹንም ባለካርዶች እንዲሁ አደረጋቸው። ካርድ ያለው ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧት ጧት፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን ብቻ ይምጣ አለ። ይህን የተናገረው በአፉ ነው፤ አልጻፈውም። ሌሎቹ አጉረምርመው ቀሩ። እኔ ግን በየጧቱ ሄድኩ። «ግማሽ መጣ» ሲል «እንደምን አደሩ ጋሼ» እለዋለሁ። ተሸንፌ የተቀበልኩ መሰለው።

የማጠና ተማሪ ነበርኩ። ብርቱካኑ ከየትኛው ማዕዘን ስንት ጊዜ እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚፈጥን ማታ ማታ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። መቶ በሞላ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ቀስ ይላል። ሁለት መቶና አምስት መቶ ላይ ደግሞ የወደቀው ሁሉ ይሰረዛል፤ ሰውዬው እንደ አዲስ ይጀምራል። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ካለፈ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል እንጂ ጨዋታው አያልቅም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ቤት ስገባ አራት ቁልፍ በከሰል የሣልኩባት እንጨት ይዤ ጣቴን አሠለጥን ነበር። እናቴ አይታኝ፣ «ምነው ጣትህን ያምሃል?» አለችኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አደረግሁ። በቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ የሆነ አንድ ሰው ነበር፤ የዝውውር ማመልከቻውን በነጻ ጽፌለታለሁ። ዓርብ ዕለት አገኘሁትና፣ ነገ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ማህተም ባለበት ወረቀት ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል አልኩት። በዚያ ዘመን ባለ ጠመንጃ ወደ ሰው ሱቅ መጥራት ምን ሊያመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። እያወቅሁ ጠራሁት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ውሃ አልጠጣሁም፤ መነሳት የለብኝማ። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ገበያተኛው ሳይሞላ ገብቼ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ጢም አለ። ሬዲዮ ጠጋኙ እንደለመደው ከኋላዬ መጣ።

«በቃህ ግማሽ። ተነስ።»

ዓይኔን ከመስታወቱ ሳላነሳ፣ «ካርዱ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ። ያነበበው ሰው ያስነሳኝ» አልኩ።

እጁን ሲሰድ ጥበቃው ከበሩ፣ «ቆይ ጓድ» አለ። ገባ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ገልብጦ አየው። ወደ ብርሃን አወጣው።

«ማህተም አለው» አለ።

«ማህተሙ የኔው ነው እኮ» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ።

«ያንተ ከሆነ ለምን ታፈርሰዋለህ? ሲሞት ብቻ ይላል።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ሞተሃል?»

«አልሞትኩም።»

«አልሞተም» አለና ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሊያይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሳንቲም የጨበጠው ሁሉ ቆሞ ቀረ። አንድ ጌም ናት፤ እሷም እኔ እጅ ናት። ሬዲዮ ጠጋኙ መጀመሪያ የአንዱን ደንበኛ ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጥበቃው ቀንሰው አለው። ቀጥሎ ትኩስ ሻይ አስመጣ። «ጠጣ እንጂ ልጄ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ መባሌ ነበር። አልጠጣሁም። ሁለቴ ብርቱካን ወድቆብኛል፤ አምስት መቶ ላይ ተሰረዘልኝ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲመለስ ሬዲዮ ጠጋኙ «ይኸው ሞተ» ብሎ ጮኸ። የአኖ ሰዎች «ሂን ዱኔ» ብለው መለሱለት። የሳቁት በእሱ ነው። «ጀባዱ» ይሉኝ ጀመር፤ በርታ ማለት ነው። ከአራት ሳምንት በፊት በእኔ የሳቁት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። አላመሰገንኳቸውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ጠጋኙ አጠገቤ ዱካ ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማሎ፣ አንዴ ሙትልኝ» አለኝ፤ እባክህ ማለቱ ነው።

መቅለቤን ቀጠልኩ።

«ሁለት ብርህን እመልስልሃለሁ።»

«ስንት ነበር የከፈልኩህ?»

«ሁለት ብር።»

«የቀረውን በምን ከፈልኩ?»

ገባው። «በጽሑፍ» አለ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ።

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው። የነገርካቸው ሰዎች እዚህ ናቸው።»

አንቱ ማለቴን እንደተውኩ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እሱም አስተውሏል። ተነሳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

«ስሙኝ። ካርዶቹን ሁሉ የጻፈው ይህ ልጅ ነው። ግማሹን በገንዘብ ግማሹን በሥራው ሙሉውን ከፍሏል። ግማሽ ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ከሰዎቹ መሃል የመሬት አቤቱታ የነበረው ሽማግሌ ቆሞ ነበር። እሱን ያየሁት ድምፁን ስሰማ ነው። «ታዲያ መጀመሪያ ለምን እንደዚህ አላልክም?» አለው። ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ፣ ያልከኝን አደረግሁ» አለኝ። «አሁን ሙት።»

«ሱቁ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነዋ።»

«እንግዲያው ሰዓቴ ነው።»

ጥሩ ጠጋኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ልጆች እንዳሉትም አውቅ ነበር። የፈለግሁትን ቃል በሰው ፊት ስለተናገረ ልነሳለት እችል ነበር። አልፈለግሁም። እያንዳንዷን ብርቱካን ስቀልብ ከእሱ ኪስ የማወጣት ይመስለኝ ነበር፤ ጣፈጠኝ።

ሳንቲም የያዙት ተስፋ ቆርጠው አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገበያው ገና ሳይበተን፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ካርዱን ከጥበቃው ተቀብሎ ብቻውን አነበበው። ከዚያ ሊጠገን የመጣውን ሬዲዮ ሁሉ ለየባለቤቱ መለሰ። ሰኞ ኑ አላቸው። ወጥቶ የሱቁን ሳንቃ ማንሳት ጀመረ። በገበያ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ የገዛ ሱቁን በገዛ እጁ ዘጋ። ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ሲገጠሙ መስታወቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀነሰ። አንዲት ሳንቃ ስትቀር ቆመና፣ «ዘግቻለሁ» አለኝ።

ተነሳሁ። ጌሟን እየሠራች እያለ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሰውዬው አሁንም ቅርጫቱን ይዞ ቆሟል። ጋሼ ሬዲዮ ጠጋኙ እንዴት እንደምትጠፋ ረሳ መሰለኝ፣ ቁልፎቹን ያይ ነበር። በቀረችው ክፍተት ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ብርቱካን መሬት ሲነካ ጌሟ ጢጥ ስትል ሰማሁ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ሲወድቅ መንገድ ላይ ነበርኩ።