ቀይዋ መኪናና የእናቴ ክፍል

ልጅነቴ ደስ የሚል እንደነበር ለሰው ሁሉ አወራለሁ፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሁሉ ጋደም ሲል፣ ከባቡር ጣቢያው በኩል የናፍጣና የጋለ ብረት ሽታ ሲመጣ ይታወሰኛል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እዘላለሁ። አባቴ መኪና የገዛበትን ሳምንት።

አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ አንድ ግሪክ አለቃው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ቀይ የስፖርት መኪና በርካሽ ልተውልህ አለው። የዚያን ዕለት አባቴ እራት አልበላም። ቤታችን ጋራዥ ነበረው፤ ጋራዡ ግን የእናቴ ነበር። የስፌት መኪናዋ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዋና ትልቁ መስታወቷ እዚያ ነበሩ። ሐረሪዋም፣ ሶማሌዋም፣ ግሪኳም ገብተው፣ በሩን ዘግተው ልብስ ይለኩ ነበር። እናቴ በከተማው የምትታወቀው በዚያ ክፍል ነው።

አባቴ፣ «መኪናዋ ጋራዡ ካልገባች እተዋታለሁ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው» አላት። እሷም እሺ አለች።

የባቡር ሰው ሜትር ብቻውን አያምንም። እነሱ ዘንድ የተጫነ ፉርጎ ከመነሳቱ በፊት በዋሻው ልክ በተሠራ ፍሬም ውስጥ ያልፋል፤ ካልነካ ይሄዳል። አባቴም የእናቴን ሜትር ተውሶ ጋራዡን ለካ፤ ርዝመቱ እንደሚበቃ አየ፤ ከዚያ በጋራዡ ስፋት ከእንጨት ፍሬም መትቶ ግቢው መሐል አቆመ። መኪናዋን ሲያመጣት ፍሬሙ አጠገብ እኔን አቆመኝና «ከነካች ጩኺ» አለኝ። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ እኔን እንጂ መኪናዋን አታይም ነበር። መኪናዋ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ተርፏት አለፈች። እኔ ጅል፣ እየዘለልኩ «አለፈች!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ሜትሯን ጠቀለለች።

ዕቃዋ በማግስቱ በረንዳ ላይ ወጣ። አባቴ መኪናዋን ቀስ ብሎ ጋራዡ ውስጥ አስገባና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በሩን ሲከፍት ግድግዳው ያዘው። በዚያኛው በኩል ሞከረ፤ ያው ነው። ፉርጎ ዋሻ ውስጥ ቆሞ ሰው አያወርድም፤ አባቴ የረሳው ይህን ነው።

እናቴ፣ «ሰው የማይወርድበት ከሆነማ አልገባችም ማለት ነው፤ ክፍሌን መልስልኝ» አለችው።

«አቦ ተይኝ! ጣሪያው ሸራ አይደል እንዴ? በላይ እወጣለሁ!» አላት። ሸራውን አጥፎ፣ በመኪናዋ ጀርባ ላይ ተንፏቆ ወረደ። ጎረቤት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ለሁለት ዓመት እንደዚያው ሲወጣና ሲገባ ኖረ። እናቴ በረንዳ ላይ ለመስፋት ሞከረች፤ አቧራው ነጭ ጨርቅ አላስነካ አለ። የቆየች ደንበኛዋ ኸዲጃ አንድ ቀን ጨርቋን ታቅፋ መጣችና ዙሪያውን አየች። «አባዮ፣ እህቴ፣ መሐል ግቢ ልብሴን ላውልቅ? ወላሂ አልችልም» ብላ ሄደች። ሌሎቹ ደንበኞቿ ሳይነግሯት ቀሩ።

መለዋወጫ ሲጠፋ አባቴ መኪናዋን ሸጣት። የስፌት መኪናውን ራሱ ተሸክሞ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠና፣ «ይኸው ክፍልሽ» አለ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ሰዎቼንስ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ የሰፋችው የእኛን የተቀደደ ልብስ ብቻ ነው።

ዛሬ ልጆቼ አያታቸው ቀይዋ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የተነሳውን ፎቶ ሳሎን ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ እያሳዩ «ያኔ ድሬ እንዴት ታምር ነበር!» ይላሉ። እኔም አዎ እላለሁ፤ ታምር ነበር። እናቴ ስትሰፋ የተነሳችው ግን አንድም ፎቶ የለንም። ላንሳሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኳትም።